የአንባቢያን ጥያቄ፦ ባጃጁን እንቁጠር ወይስ ተሳፋሪውን?

የደም ቅባትን የሚመለከቱ ጥያቄዎች ከጅማ በርከት ብለው ስለደረሱን የዛሬውን አምድ ለእነሱ ሰጥተናል። የጠያቂዎችን ስም ትተናል፤ ቁጥሮቹን ግን እንዳሉ አስቀርተናል፤ መልሱ ያለው እዚያው ቁጥሮቹ ላይ ነውና።

ጥያቄ፦ የ56 ዓመት ነጋዴ ነኝ፤ የምኖረው ኮቺ ነው። ስኳር ከያዘኝ 6 ዓመት ሆነኝ፤ ግፊቴ ሰሞኑን 150/95 ነበር። የደም ቅባት ተመርምሬ ጠቅላላ ኮሌስትሮል 214፣ ትራይግሊሰራይድ 310፣ ኤችዲኤል 34፣ ኤልዲኤል 118 ተብያለሁ። ወረቀቱ ላይ ኤልዲኤል ከ130 በታች ኖርማል ነው ይላል። መጥፎው ኖርማል ከሆነ ምን አስጨነቀኝ? ደሙ የተወሰደው ምሳ በልቼ 9 ሰዓት ላይ ነው፤ ምናልባት ትራይግሊሰራይዱን ያበዛው እሱ ይሆን?

መልስ፦ ይህ ወረቀት የሚያጽናና አይደለም። ምክንያቱን ለማየት ከላቦራቶሪው ቁጥር በፊት ቅባት በደም ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ማወቅ ያስፈልጋል።

ዘይት ወጥ ላይ እንደሚንሳፈፈው ሁሉ ኮሌስትሮልም ብቻውን ደም ውስጥ አይሟሟም። ስለዚህ ጉበትና አንጀት በፕሮቲን ሸፍነው፣ በዓይን የማይታይ እንክብል አድርገው ይልኩታል። ሊፖፕሮቲን የሚባለው ይኸው እንክብል ነው፤ ደም ሥር የሚጎዳው «መጥፎው» ኤልዲኤልም፣ «ጥሩው» የሚባለው ኤችዲኤልም የእሱ ዓይነቶች ናቸው። ከመርካቶ የሚወጡትን ባጃጆች ያስቡ። ኮሌስትሮልና ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ሌላው ቅባት ተሳፋሪዎች ናቸው፤ ሊፖፕሮቲኑ ባጃጁ ነው። መንገድ የሚዘጋው ባጃጅ ሲበዛ ነው፤ በየባጃጁ ሁለት ሰው ተቀመጠ ሦስት ለመንገዱ ለውጥ የለውም። የልብ ደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ገብቶ የሚሰነቀረውም ባጃጁ ከነተሳፋሪው ነው። እዚያ ሲቀር ይበላሻል፤ ነጭ የደም ሴሎች ሊያጸዱ መጥተው ይውጡትና ራሳቸው በቅባት ተሞልተው እዚያው ይቀራሉ። ይህ በዓመታት ይከማቻል። አንድ ቀን የክምችቱ ሽፋን ሲሰነጠቅ ደም ይረጋበትና የደም ሥሩን ይዘጋዋል። ሰው ደረቱን ይዞ የሚወድቀው ያን ጊዜ ነው።

አሁን ወደ 118 እንመለስ። ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ በማሽን የተለካ አይደለም፤ የተሰላ ነው። ስሌቱ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የፍሪድዋልድ ቀመር ነው፦ ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤልን ይቀንሱ፤ ከዚያ የትራይግሊሰራይድን አንድ አምስተኛ ይቀንሱ። በእርስዎ ወረቀት 310 ለ5 ሲካፈል 62 ነው፤ 214 ሲቀነስ 34 ሲቀነስ 62፣ 118 ይመጣል። ልክ ነው። ችግሩ ትራይግሊሰራይድ በጨመረ ቁጥር ቀመሩ ኤልዲኤልን አሳንሶ ማሳየቱ ነው፤ ከ400 በላይ ሲሆን ጭራሽ አይሠራም። በተጨማሪም ስኳር ያለበትና ትራይግሊሰራይዱ የጨመረ ሰው ኤልዲኤሎቹ ትንንሽና ብዙ ይሆናሉ፤ ማለትም በየባጃጁ የተሳፈረው ኮሌስትሮል ጥቂት፣ ባጃጁ ግን እልፍ ነው። ተሳፋሪ ሲቆጠር 118 ወጣ፤ የባጃጁ ብዛት ከዚያ ውስጥ አይነበብም።

ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ አንድ ቁጥር ራስዎ ያውጡ፦ ጠቅላላው 214 ሲቀነስ ኤችዲኤል 34፣ 180 ነው። ይህ «ከኤችዲኤል ውጭ ያለው ኮሌስትሮል» ይባላል። የደም ሥር የሚጎዱትን ሊፖፕሮቲኖች ሁሉ አንድ ላይ ይይዛል፤ ቢበሉም ባይበሉም አይዛባም፤ ተጨማሪ ብርም አያስከፍልም። ግቡ ሁልጊዜ ከኤልዲኤል ግብ በ30 ይበልጣል። እንደ እርስዎ ስኳርም ግፊትም ላለበት ሰው ኤልዲኤል ከ70 በታች፣ ይሄኛው ደግሞ ከ100 በታች እንዲሆን ይፈለጋል። የእርስዎ 180 ነው። ወረቀቱ ላይ «ኖርማል» የሚለው ጽሑፍ ስኳር ይኑርዎት አይኑርዎት ሳያውቅ ለሁሉም ሰው የታተመ ነው።

አፖ ቢ የሚባል ምርመራ ያለው ላቦራቶሪ ካገኙ ደግሞ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በእያንዳንዱ ጎጂ ሊፖፕሮቲን ላይ የአፖ ቢ ፕሮቲን አንድ ብቻ አለ፤ እንደ ባጃጅ ታርጋ። ታርጋ ቆጠሩ ማለት ባጃጅ ቆጠሩ ማለት ነው። ባያገኙት ግን ሕክምናዎ መዘግየት የለበትም።

ምሳውን በተመለከተ፦ የተለመደ ምግብ ትራይግሊሰራይድን በአማካይ በ26 ገደማ ነው የሚጨምረው። 310ን ምሳ አላመጣውም። ያልተስተካከለ ስኳር፣ ለስላሳ መጠጥ፣ ቢራና አረቄ፣ የእንቅርት ዕጢ ሥራ መቀነስ፣ የኩላሊት ችግር፤ መጀመሪያ የሚፈለጉት እነዚህ ናቸው። ከ400 ቢያልፍ ኖሮ ጦምዎን አድረው እንዲደግሙት እንመክር ነበር። ከ500 ሲያልፍ ደግሞ ከልቡ ሌላ ቆሽት የመቆጣት አደጋም ይመጣል።

ለሐኪምዎ ሦስት ነገር ይንገሩ፦ ዕድሜዎ ከ40 በላይ መሆኑን፣ ስኳር እንዳለብዎት፣ ስታቲን የሚባለውን ኮሌስትሮል አውራጅ መድኃኒት እንዳልጀመሩ። በዚህ ሁኔታ ላለ ሰው ኤልዲኤሉ ስንትም ይሁን ስታቲን ይታዘዛል። ለትራይግሊሰራይዱ ሲባል ሌላ መድኃኒት ከመጨመር በፊት ስኳሩን ማስተካከል ይቀድማል፤ ብዙ ጊዜ እሱ ሲወርድ ይሄም አብሮ ይወርዳል። ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ደግመው ይመርመሩ። ግፊቱም ሳይዘነጋ።

ጥያቄ፦ እናቴ የምትኖረው ጅሬን ነው። ኤልዲኤሏ 152 ሆኖ «ቡና አቁሚ» ተባለች። በቀን ሦስት ጊዜ ይፈላል፤ እሷም ከአቦል እስከ በረካ ሳትጠጣ አትነሳም። የጅማን ሴት ቡና አቁሚ ማለት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም፤ ደግሞም አያስፈልግም። ሐኪሙ ግን ከመሬት ተነስቶ አልተናገረም።

ቡና ፍሬ ውስጥ ባለው ዘይት ካፌስቶል የሚባል ነገር አለ። ጉበት ኤልዲኤልን ከደም የሚያነሳበትን ሥራ ያዘገየዋል። ካፌይን እዚህ ውስጥ የለበትም። አረቢካ ቡና ከሮቡስታ የበለጠ ካፌስቶል አለው፤ የጅማ ቡና ደግሞ አረቢካ ነው። ነገሩ መጀመሪያ ትኩረት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1983 ኖርዌይ ውስጥ ትሮምሶ በሚባል ከተማ በተደረገ ጥናት ነው፤ እዚያም ሰዉ ቡናውን አፍልቶ ሳያጣራ ነበር የሚጠጣው። በቀን 10 ሚሊግራም ካፌስቶል ለ4 ሳምንት የወሰደ ሰው ኮሌስትሮሉ በአማካይ በ5 ሚሊግራም በዴሲሊትር ገደማ ይጨምራል። የወረቀት ማጥለያ ካፌስቶሉን ከሞላ ጎደል ይዞ ያስቀረዋል። ጀበና ወረቀት የለውም፤ አፉ ላይ የሚደረገው ውታፍ ሻካራውን አተላ ቢይዝም ዘይቱን አይዝም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ቀላሉ መንገድ ይህ ነው። ጀበናው ከእሳት ሲወርድ ማቶት ላይ አስቀምጣችሁ አተላው በደንብ እስኪቀመጥ ጠብቁ፤ ስትቀዱ አታንቀጥቅጡት፤ የመጨረሻውን ድፍርስ ለማንም አትቅዱ፤ ዘይቱ ደቃቁም ላይ ይጣበቃልና። የእናትዎን ድርሻ ብቻ ደግሞ ከጀበናው በወረቀት ማጥለያ ወደ ትንሽ ፔርሙዝ አጥሉት። መጀመሪያ ቀን ጣዕሙ ቀለለ ብለው ያጉረመርማሉ፤ ሳምንት ሲሆን ይለመዳል። ይህን ለ6 ሳምንት ሳያቋርጡ አድርገው ኤልዲኤሉን ደግመው ይለኩ። በሌላው ነገር ምንም ሳይለወጥ ከ152 በጉልህ ከወረደ ጥፋቱ የቡናው ነበር ማለት ነው፤ ካልወረደ ቡናውን ተዉት፣ ሌላ ፈልጉ።

ሌላውን ስንል ደግሞ፣ ዓይናችሁን ከጀበናው አንስታችሁ ረከቦቱ ላይ ያለውን ተመልከቱ። በአንድ ስኒ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ከሆነ፣ በቀን ዘጠኝ ስኒ ሲጠጣ ስኳሩ 70 ግራም ያልፋል። ይህ ኤልዲኤልን ብዙም ባይነካ ትራይግሊሰራይድን ይሰቅላል። ቡና ቀላ በቅቤ ተጠብሶ ሲቀርብ ደግሞ ቅቤው ከቡናው የባሰ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ውስጥ 8 ግራም ያህል የሚረጋ ቅባት አለ። ጨጨብሳውም በዚያው ሒሳብ ይታያል። ጤና አዳሙን ግን እንደ ልብ።

ጥያቄ፦ ከፈረንጅ አራዳ ነው የምጽፈው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ላቦራቶሪ ተመርምሬ ኤልዲኤል አንዱ 141፣ ሌላው 158 አለኝ። የትኛው ነው ያታለለኝ?

መልስ፦ ሁለቱም ላያታልሉ ይችላሉ። የአንድ ጤነኛ ሰው ኤልዲኤል ከሳምንት ሳምንት ራሱ ከፍና ዝቅ ይላል፤ የማሽኑ ልዩነት ሲጨመርበት 15 በመቶ የሚሆን መራራቅ የተለመደ ነው። ልዩነቱን የሚያሰፉ ጥቃቅን ነገሮች ግን አሉ። ከአዌቱ ማዶ ፈጥነው መጥተው ቆመው ወዲያው ደም ከተሰጠና ሌላ ጊዜ ተኝተው ከተሰጠ፣ የቆመው ሰው ደሙ ስለሚወፍር ቁጥሩ ወደ 10 በመቶ ሊጨምር ይችላል፤ 10 ደቂቃ ተቀምጠው ይስጡ። ክንድዎ ላይ የሚታሰረው ጎማ ከ1 ደቂቃ በላይ ታስሮ ከቆየ እንዲሁ ያበዛዋል። ደም ሥር ሲጠፋ ይህ በየቀኑ የሚያጋጥም ነው፤ ባለሙያው ጎማውን ፈትቶ ሌላ ክንድ ቢሞክር ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ሰው ከሕመም ገና ሳይነሳ መመርመሩ ነው። ወባ፣ የሳንባ ምች፣ ቀዶ ሕክምና፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም ኤልዲኤልንም ኤችዲኤልንም ያወርዳሉ። ከወባ በተነሳ በሳምንቱ ኤልዲኤል 80 የተባለ ሰው ደስ አይበለው፤ ከወር ከሁለት ወር በኋላ ይድገመው። የጾምም ነገር አለ፦ በሁዳዴ መጨረሻና ከፋሲካ ሦስት ሳምንት በኋላ የሚወሰድ ደም አንድ ዓይነት ውጤት አይሰጥም። ቁጥርዎን ከዓመት ዓመት ለማወዳደር ከፈለጉ በአንድ ወቅት፣ በአንድ ላቦራቶሪ፣ በአንድ ሰዓት ይመርመሩ።

ወረቀቱ ላይ እንደ 3.6 ያለ ትንሽ ቁጥር ካዩ አይደንግጡ፤ መለኪያው ሚሊሞል በሊትር ነው። እዚህ ወደተጠቀምንበት ሚሊግራም በዴሲሊትር ለመለወጥ ለኮሌስትሮል በ38.7፣ ለትራይግሊሰራይድ በ88.6 ያባዙት።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ 61 ዓመቱ ነው። አጂፕ አካባቢ ነው የምንኖረው። አምና ድንገተኛ የልብ ሕመም አጋጥሞት ከሆስፒታል ሲወጣ አቶርቫስታቲን 40 ሚሊግራም ታዘዘለት። በሦስት ወሩ ኤልዲኤሉ ከ168 ወደ 84 ወረደ። «ወርዷል፣ ደግሞም ጉበት ይበላል ተባለ» ብሎ አቆመ። አሁን አንድ ጉልበቱን ያመዋል፤ ያም የመድኃኒቱ ነው ይላል።

መልስ፦ እባክዎ ይህን ያስነብቧቸው፦ መድኃኒቱ እንደሚገባው ሠርቷል። 40 ሚሊግራም አቶርቫስታቲን ኤልዲኤልን በግማሽ ያህል ያወርዳል፤ ከ168 ወደ 84 በትክክል ግማሽ ነው። ሲቆም ግን በሳምንታት ውስጥ ወደነበረበት ይመለሳል። ስታቲን እንደ ወባ መድኃኒት ወስደው ጨርሰው የሚገላገሉት አይደለም፤ ጉበት ኮሌስትሮል የሚሠራበትን መንገድ በየቀኑ እየያዘ፣ ጉበቱ ኤልዲኤልን ከደም እንዲለቅም የሚያስገድድ ነው። እጅ ሲነሳ ሥራው ይቆማል።

ለምን ያስፈልጋል? እ.ኤ.አ. በ1994 ውጤቱ የታተመ አንድ የስካንዲኔቪያ ጥናት 4,444 የልብ ሕመምተኞችን ይዞ ነበር፤ ስታቲን የወሰዱት ላይ የሞት አደጋ በ30 በመቶ ቀነሰ። ከዚያ በኋላ የተደረጉት ሲደመሩ ደግሞ ኤልዲኤል በ39 ሚሊግራም በዴሲሊትር በወረደ ቁጥር ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ ስትሮክና የመሳሰለው ከአምስት አንድ እጅ ገደማ ይቀንሳል።

ጉበቱን በተመለከተ፦ ኤኤልቲ የሚባለው የጉበት ምርመራ ከላይኛው ወሰን ሦስት እጥፍ ካላለፈ አይቆምም። ጉዳት እምብዛም ነው። የስታቲን የጡንቻ ሕመም ደግሞ በአንድ ጉልበት አይመጣም፤ በሁለቱም ጭን፣ በሁለቱም ትከሻ ነው የሚሰማው። የ61 ዓመት ሰው አንድ ጉልበት የመገጣጠሚያ ጉዳይ ነው። ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ጠቁሮ ጡንቻው ሁሉ ከታመመ ግን ዕለቱን መድኃኒቱን አቁሞ ሆስፒታል መሄድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ሰው ብዙም አይነግራችሁም። ለጨጓራ ባክቴሪያ የሚታዘዘው የ14 ቀን መድኃኒት ውስጥ ክላሪትሮማይሲን አለ። እሱ አቶርቫስታቲንን ደም ውስጥ ያበዛዋል፤ ሲምቫስታቲን ከሚባለው ሌላ ስታቲን ጋር ከሆነ ጭራሽ አብሮ አይሰጥም። የጨጓራ መድኃኒት ሲታዘዝላቸው ስታቲን እንደሚወስዱ ይናገሩ፤ ሐኪሙ ለእነዚያ 14 ቀናት ያስቆማቸዋል ወይም ይቀንስላቸዋል። በ15ኛው ቀን መመለሱ እንዳይረሳ።

84ም ቢሆን ልቡ አንድ ጊዜ ለታመመ ሰው አይበቃም፤ ከ55 በታች ወይም ቢያንስ ከ70 በታች ይፈለጋል። ወደ 80 ሚሊግራም ማሳደግ የሚጨምረው 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ኢዘቲሚብ የሚባል ሌላ ኮሌስትሮል አውራጅ መድኃኒት 10 ሚሊግራም ሲታከልበት ግን ሌላ 20 በመቶ ያህል ይወርዳል። በረመዳን የሚጾሙ ከሆነ አቶርቫስታቲን ሰዓት አይመርጥም፤ ከኢፍጣር በኋላ መውሰድ ይቻላል።

ጥያቄ፦ የ17 ዓመት ልጄ የልብ በር ችግር አለባት ተባለ። ቅቤና እንቁላል ከለከልኳት። ልክ ነኝ?

መልስ፦ አይ፣ ይስጧት። ይህ የኮሌስትሮል በሽታ አይደለም። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ቀርቶ የሚመጣ፣ የልብ በሮችን የሚያበላሽ በሽታ ነው፤ በአገራችን ወጣቶች ላይ «የልብ ሕመም» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። የሚያስፈልጋት በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የምትወጋው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው፤ አንድም ቀጠሮ እንዳያልፋት። እግሯ ወይም ሆዷ ካበጠ የሚቀነሰው ጨው ነው።

ጥያቄ፦ 31 ዓመቴ ነው፤ መምህርት ነኝ። ቀጭን ነኝ፣ ጠዋት ጠዋት ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ዳገቱን በእግሬ እወጣለሁ። ሆኖም ኤልዲኤል 236 ተባልኩ። አባቴ በ44 ዓመቱ ድንገት ነው ያረፈው። ተረከዜ በላይ ያለው ጅማት ወፍሮ ይሰማኛል። ምግቤን ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅታችን፣ ምግብዎን ሳይሆን ዘርዎን ነው የምንጠረጥረው። ኤልዲኤል ከ190 ሲያልፍ፣ የቅርብ ዘመድ በወጣትነቱ በልብ ሲያርፍ፣ የተረከዝ ጅማት ሲወፍር፣ ሦስቱ አንድ ላይ የሚያመለክቱት በዘር የሚወረስ የኮሌስትሮል መብዛት ነው። ከ250 እስከ 300 ከሚሆኑ ሰዎች አንዱ አለበት። ጉበት ላይ ኤልዲኤልን የሚቀበለው በር ከሁለቱ ወላጆች በአንዱ በኩል ጎድሎ ሲወረስ ነው። ይህን በር ያገኙት ብራውንና ጎልድስታይን እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል ሽልማት የተሸለሙበት ሥራ ነው። ኤልዲኤሉ ከልደት ጀምሮ ስለሚበዛ የ31 ዓመት ሰው የደም ሥር የብዙ ዓመት ጭነት ተሸክሟል።

በቅድሚያ ሁለት ነገር ይጣራ፦ የእንቅርት ዕጢ ምርመራ እና በሽንት ፕሮቲን። ሁለቱም ኤልዲኤልን እስከዚህ ሊያደርሱት ይችላሉ፤ የሚታከሙ ናቸው። ንጹህ ከሆኑ ስታቲን ያስፈልግዎታል፤ በምግብ ብቻ የሚወርደው ከ10 እስከ 15 በመቶ ስለሆነ 236ን 200 ቢያደርስልዎ ነው። ልጅ ለመውለድ ካሰቡ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ በእርግዝና ወቅት በአብዛኛው ይቆማል።

ሊፖፕሮቲን ኤ የሚባለውን ኤልዲኤል መሰል እንክብልም ዕድሉን ካገኙ በሕይወትዎ አንድ ጊዜ ያስለኩ። እ.ኤ.አ. በ1963 ኖርዌያዊው ኮሬ በርግ ያገኘው ነው፤ መጠኑን የሚወስነው ዘር ስለሆነ ምግብም ስፖርትም አይለውጠውም፤ ከ50 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲያልፍ አደጋውን ይጨምራል። ወንድምና እኅት ካለዎት ነገ ዛሬ ሳይሉ ይመርመሩ፤ እያንዳንዳቸው የመውረስ ዕድላቸው ግማሽ በግማሽ ነው። ልጅ ሲኖርዎትም እንዲሁ፤ ከ5 እስከ 10 ዓመት ዕድሜ ባለው ጊዜ ይመርመር።

ጥያቄ፦ ሱቅ ላይ ጀሪካኑ ላይ «ኮሌስትሮል የሌለው» የሚል የሚረጋ ዘይት ገዛሁ። ለልብ ጥሩ ነው?

መልስ፦ ጽሑፉ አልዋሸም፤ ግን ምንም አልነገረዎትም። ከዕፅዋት የተጨመቀ ዘይት ሁሉ ኮሌስትሮል የለውም። ጉበት ኤልዲኤልን ከደም እንዳያነሳ የሚያደርገው የሚረጋው ቅባት ነው፤ የፓልም ዘይት ደግሞ ግማሹ ያ ነው። የሱፍ አበባ ዘይት 11 በመቶ ገደማ ብቻ አለው።

በቤትዎ ያስሉት። አምስት ሰው በወር 5 ሊትር ከጨረሰ ለአንድ ሰው በቀን 30 ግራም ዘይት ይደርሰዋል። ፓልም ከሆነ 15 ግራሙ የሚረጋ ቅባት ነው፤ የሱፍ አበባ ከሆነ ከ4 ግራም በታች። ኤልዲኤሉ ለበዛ ሰው የቀኑ ሙሉ ገደብ 13 ግራም ገደማ ስለሆነ፣ በፓልሙ ገና ሥጋና ቅቤ ሳይነሳ ገደቡ አልፏል። የኑግ ዘይትም ጥሩ ነው፤ ግን ቶሎ ይበላሻልና በጥቂቱ ገዝተው፣ ክዳኑን ገጥመው፣ ፀሐይ ከማያገኘው ቦታ ያስቀምጡት። ለቁርስ ዳቦ ላይ የሚቀባውን ቅቤ በአቮካዶ ቢተኩት ደግሞ ጅማ ላይ ከዚህ የረከሰ ነገር አያገኙም።